የመጽሐፍ ሽፋን በመሣል ስተዳደር የተማርሁት

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ላለፉት 11 ዓመታት በማንም ዘንድ ሳልቀጠር፣ ከደራሲያንና ከአሳታሚዎች ጋር በየሥራው እየተዋዋልሁ የመጽሐፍ ሽፋን በመሣል እተዳደራለሁ። የልቦለድ፣ የግጥም፣ የቅኔ፣ የግለ ታሪክና የልጆች መጻሕፍት ሽፋን ሠርቻለሁ። ይህን የምጽፈው የሥዕል ተሰጥኦ ያላቸው፣ ነገር ግን አዲስ አበባ ሄደው መኖር የማይችሉ ወይም የማይፈልጉ ልጆች በየጊዜው እየመጡ «በዚህ ሥራ መኖር ይቻላል ወይ?» ብለው ስለሚጠይቁኝ ነው። ይቻላል። ይሁን እንጂ መሣል መቻል የሥራው ሲሶ ብቻ ነው። ሌላው ሲሶ ረቂቁን ማንበብ፣ የቀረው ደግሞ ሥዕሉ ማሽን ገብቶ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ማወቅ ነው። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ሁለቱን ሲሶዎች የተማርኋቸው በሰው መጽሐፍ ላይ እያጠፋሁ ነው።

የመጀመሪያው ጥፋት የደረሰው በአንድ የግጥም መድበል ላይ ነበር። ገጣሚው የባሕር ዳር መምህር ሲሆኑ፣ መድበሉ የሚከፈተው ጎሕ ሲቀድ ከዘጌ ተነሥተው በደንገል ታንኳ ጣናን በሚሻገሩ ሰዎች ነው። እኔም ሐይቁን በኮምፒውተሬ ላይ በሚያበራ ሰማያዊ ቀለም ሞላሁት። በስክሪኑ ላይ እጅግ ያምር ነበር፤ ገጣሚውም አይተው ወደዱት፤ አዲስ አበባ ባለ አንድ ማተሚያ ቤትም 1,000 ቅጂ ታተመ። ካርቶኑ ተከፍቶ መጽሐፉ ሲወጣ ግን ሐይቁ የበለዘ ሐምራዊ ሆኖ ነበር። መምህሩ አልተቆጡኝም። አንዱን ቅጂ አንሥተው ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ «ይህ የምሽት ሐይቅ ነው፤ የእኔ ግጥም የጧት ነው» አሉኝ። ስድስት ዓመት የደከሙበት ሥራ ነበር። ዛሬም ያን መጽሐፍ በሰው መደርደሪያ ላይ ባየሁ ቁጥር ያመኛል።

ማተሚያ ቤቱ አላጠፋም። የኮምፒውተርና የስልክ ስክሪን ቀለም የሚፈጥረው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃንን በመደመር ነው፤ የኦፍሴት ማሽን ግን ሳያን (ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ)፣ ቢጫና ጥቁር የሚባሉትን አራት ቀለሞች በአራት ፕሌት፣ ማለትም ሥዕሉን በያዙ የማተሚያ ሰሌዳዎች፣ እያሳለፈ በወረቀት ላይ በደቃቃ ነጥቦች ያትማል። ብርሃን በብርሃን ላይ ሲጨመር ይደምቃል፤ ቀለም በቀለም ላይ ሲደረብ ግን ይጠቁራል። ስለዚህ በስክሪን ላይ የሚያበሩ ብዙ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ብርቱካናማ ቀለሞች በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ፈጽሞ ሊገኙ አይችሉም፤ ፋይሉ ወደ ማተሚያው ሥርዓት ሲቀየር በሚቀርባቸው ደብዛዛ ቀለም ይተካሉ። ከሁሉም አስቸጋሪው ሰማያዊ ነው፤ በማተሚያ የሚገኘው ከሳያንና ከማጀንታ ድብልቅ ስለሆነ፣ ማጀንታው ወደ ሳያኑ መጠን በተጠጋ ቁጥር ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ይሸሻል። እኔ አብዛኛውን ሥዕሌን በብዕርና በውሃ ቀለም ወረቀት ላይ ሠርቼ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ባለው የነጥብ ብዛት) ስካን አደርገዋለሁ፤ ከዚያም ማንኛውንም ማስተካከያ ከመጀመሬ በፊት ወደ ሲኤምዋይኬ፣ ማለትም ወደ አራቱ የማተሚያ ቀለሞች ሥርዓት፣ እቀይረዋለሁ፤ ምክንያቱም የማይታተም ቀለም እያየሁ ልቤን ማታለል አልፈልግም። ውድ ፕሮግራም መግዛት የማይችል ጀማሪ ክሪታ የተባለውን የሥዕል ፕሮግራም በነጻ አውርዶ በሲኤምዋይኬ መሥራት ይችላል።

ሁለተኛው ጥፋት ካለማንበብ የመጣ ነው። አንድ ደራሲ በምሥራቅ ጎጃም ገጠር የሚፈጸመውን ልቦለዳቸውን በስልክ አጫወቱኝና ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ከቤቷ ወጥታ የምትሄድበትን ቀን እንድሥል ጠየቁኝ። ረቂቁን ላኩልኝ፤ እኔ ግን የነገሩኝ ይበቃኛል ብዬ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ብቻ አይቼ ተውሁት። ልጅቷን በጤፍ ማሳ መካከል በምታልፍ ቀጭን መንገድ ላይ ሣልኋት፤ ማሳውንም በለምለም አረንጓዴ ሞላሁት። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ፣ ልጃቸው ማታ ማታ ያነበበላቸው አንድ አዛውንት ገበሬ ገበያ ላይ አግኝተውኝ «ልጂቱ የወጣችው በኅዳር ጽዮን ማግሥት ነው ይላል፤ ያን ጊዜ ጤፉ እንዲህ ለምልሞ ከቆመ የዚያ ዓመት እህል አልደረሰም ማለት ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ኅዳር 22 ቀን በዚያ አገር ጤፉ ወይ ቢጫ ሆኖ አጨዳ ላይ ነው፣ ወይ ታጭዶ ተከምሯል። ደራሲው ቀኑን የመረጡት ደግሞ በከንቱ አልነበረም፤ ልጅቷ የምትሄደው የደከመችበት እህል አውድማ ሳይወርድ ነው፤ የታሪኩ ሕመም ሁሉ ያለው በዚያ ላይ ነው። የእኔ አረንጓዴ ያን ሕመም ከሽፋኑ ላይ አጠፋው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ረቂቅ ሦስት ጊዜ ሳላነብ እርሳስ አላነሣም። በመጀመሪያው ንባብ እንደ ማንኛውም አንባቢ ሆኜ ምንም ሳልጽፍ አነባለሁ። በሁለተኛው ንባብ ደብተር ይዤ ወሩን፣ ሰዓቱን፣ አየሩን፣ ልብሱን፣ ዛፉን፣ የቤት ዕቃውን ከነገጽ ቁጥሩ እመዘግባለሁ። በሦስተኛው ጊዜ የምመለሰው ምልክት ወዳደረግሁባቸው ገጾች ብቻ ነው። ይህ ለአንድ መካከለኛ ልቦለድ ሦስት ቀን ያህል ይወስድብኛል፤ ከሥራዬ ሁሉ ብዙ ፍሬ የሚሰጠኝም ይኸው ነው። የአገር ቤት ሰው ሽፋንን እንደ ጌጥ አያይም፣ እንደ ምስክርነት ነው የሚያየው። ጅብራ የሚበቅለው እንደ ጮቄ ባለ ውርጫም ከፍታ ላይ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ በዓባይ በረሃ ተስሎ ሲያገኘው መጽሐፉን ራሱን ይጠራጠራል። ዓባይን በነሐሴ ሰማያዊ አድርጎ መሣልም እንዲሁ ነው፤ በክረምት አፈር ተሸክሞ የሚወርድ ወንዝ ቡናማ ነው። ከጮቄ ሥር ያለ እረኛ በጧት የበግ ፀጉር ባና ሳይለብስ አይወጣም፤ ቆላ የሚኖረው ባና ለብሶ ከተሣለ ደግሞ ሰውየው ታሟል ያሰኛል። እነዚህ ነገሮች ከደራሲው በላይ የእኛ የሠዓሊዎቹ ኃላፊነት ናቸው፤ ደራሲው «ማሳ» ብሎ ጽፎ ሊያልፍ ይችላል፤ እኔ ግን ቀለም መምረጥ አለብኝ።

ንባቡ ሲያልቅ በአንድ ወረቀት ላይ የክብሪት ሣጥን የሚያህሉ 12 አራት ማዕዘኖችን አሰምርና በየአንዳንዱ ውስጥ አንድ ሐሳብ በፍጥነት እነድፋለሁ። የመጀመሪያዎቹ አራት ወይም አምስት ንድፎች ሁልጊዜ ሌላ ሰው ሁሉ የሚያስበውን ይመስላሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ የምታለቅስ ሴት፣ ባዶ መንገድ፣ የሚነድ ሻማ ናቸው። እነርሱን በወረቀት ላይ አውጥቼ መጨረስ አለብኝ፤ የመጽሐፉ የራሱ የሆነው ሐሳብ የሚመጣው ከእነርሱ በኋላ ነውና። ብዙ ጊዜ ከሙሉ ትዕይንት ይልቅ አንድ ዕቃ ይሻላል። ስለ አንዲት እናት ስደት በሚተርክ ግለ ታሪክ ላይ ደራሲዋ የእናቷን ፊት እንድሥል ፈልጋ ነበር፤ እኔ ግን ረቂቁ ውስጥ ሰባት ጊዜ የተነሣውን፣ እናቲቱ አገር ለቅቃ ስትወጣ በትከሻዋ የያዘችውን የተሰነጠቀ እንስራ አገኘሁ። እንስራውን ሣልሁ፤ ደራሲዋ ስታየው ስልኩን ዘግታ አለቀሰች፤ ያ ሽፋን ምንም ሳይቀየር ታተመ።

የአገራችን አንባቢ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የተማረው የሥዕል ቋንቋ እንዳለው የተማርሁት ደግሞ ከአንድ የቅኔ መምህር ነው። ቅኔዎቻቸውን ሊያሳትሙ መጡና፣ የኔታ በዋርካ ሥር ተቀምጠው ተማሪዎች ቅኔ ሲነግሩላቸው የሚያሳይ ሽፋን ሠራሁላቸው። ፊታቸው ወደ ተማሪዎቹ ስለዞረ በጎን ነበር የሣልኋቸው። ንድፉን በሁለት እጃቸው ይዘው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ልጄ፣ በአንድ ዐይን ሣልሽኝ እኮ፤ ምን በደልሁ?» አሉኝ። በዘጌ በኡራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ዙሪያ ያሉትን ሥዕሎች የተመለከተ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ በጥንቱ ሥርዓት ጻድቃን ፊታቸው ዞሮ ሁለት ዐይናቸው እየታየ ሲሣሉ፣ አጋንንትና ክፉዎች ደግሞ በጎን በአንድ ዐይን ይሣላሉ። ከቢቸና የተነሡት ሠዓሊ ቄስ አዳሙ ተስፋው ያደጉበትና ይዘውት የወጡት ባህል ይህ ነው። እኔ በልጅነቴ በየደብሩ ሳየው ኖሬ፣ ሥራ ላይ ስቀመጥ ረስቼው ነበር። የኔታን ይቅርታ ጠይቄ ዋርካውን ወደ ግራ ወሰድሁት፤ እርሳቸውን በሁለት ዐይን ወደ አንባቢው አዞርኋቸው፤ ተማሪዎቹንም በግማሽ ክብ ከፊታቸው አስቀመጥኋቸው። አቀማመጡ ከመጀመሪያው የተሻለ ሆነ። ከዚያ በኋላ ይህን ሥርዓት ሆን ብዬ እጠቀምበታለሁ፤ በአንድ ልቦለድ ላይ የሚያታልለውን ወንድም ብቻ በጎን ሥዬ ሌሎቹን ቤተሰቦች ወደ አንባቢው አዙሬያቸው ነበር፤ ብዙ ሰዎችም ምክንያቱን ሳይናገሩ «ይሄኛውን አላመንሁትም» ብለውኛል።

ስለ ፊደል ረዘም አድርጌ መጻፍ አለብኝ፤ ምክንያቱም ከማያቸው የአማርኛ ሽፋኖች አብዛኞቹ የሚበላሹት በሥዕላቸው ሳይሆን በርዕሳቸው አጻጻፍ ነው። የብራና መጽሐፋችን በእንጨት ገበታ ላይ ቆዳ ለብሶ፣ በጋለ ብረት ተደጉሶ መስቀል ሲያርፍበት፣ ስሙ በውጭ አይጻፍም ነበር። ስለዚህ ደጓሾቻችን የሽፋን ፊደል አላወረሱንም። ያወረሱን ጸሐፊዎቹ ናቸው፤ በመቃ ብዕር የተጻፈውን የብራና ፊደል ወፍራምና ቀጭን መስመር አንድ ሳምንት ተቀምጦ መገልበጥ ከማንኛውም የኮምፒውተር ትምህርት ይበልጣል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው ርዕስን ከንዑስ ርዕስ፣ ንዑስ ርዕስን ከደራሲው ስም የምንለየው በመጠንና በውፍረት ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ ሠሪዎች ርዕሱን እጅግ ያወፍሩታል። እንደ ሐ፣ ጠ፣ ጨ ያሉ ሦስት እግር ያላቸው ፊደላት ሲወፍሩ ግን በእግሮቻቸው መካከል ያለው ነጭ ቦታ ይደፈናል። ሽፋኑ በስልክ ላይ አንሶ ሲታይ ደግሞ ቡ እና ቢ ይመሳሰላሉ፤ የቤ ቀለበት ከተደፈነም ከቢ አይለይም። እኔ ርዕሱን ከጨረስሁ በኋላ ሽፋኑን በስልኬ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያህል አሳንሼ ሥራውን ለማያውቅ ሰው አሳያለሁ፤ ሰውየው ሳይቸገር ካላነበበው እንደገና እሠራዋለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ፊደልን ጎትቶ ማስፋት ወይም ማስረዘም ነው። ቦታ እንዲሞላ ተብሎ በጎን የተለጠጠ ፊደል ቋሚ መስመሩ ሲወፍር አግዳሚው ቀጭን እንደሆነ ይቀራል፤ የቀለበቶቹም ክብነት ይጠፋል። ቦታው ካልበቃ ርዕሱን በሁለት መስመር መክፈል ወይም ሥዕሉን ማንቀሳቀስ ይሻላል። በጠቆረ መደብ ላይ በነጭ የሚወጣ ርዕስም ቀጭን መስመር እንዳይኖረው ያስፈልጋል፤ አራቱ ፕሌቶች በማሽኑ ላይ በጥቂቱ እንኳ ከተዛነፉ ቀለሙ ገብቶ ቀጭኑን ነጭ መስመር ይበላዋል። በተመሳሳይ ምክንያት በጀርባ ሽፋን ላይ ያለውን ትንንሽ ጽሑፍ ከአራቱ ቀለሞች በተቀላቀለ ጥቁር ሳይሆን በጥቁሩ ፕሌት ብቻ አሳትመዋለሁ።

ሌላው የፊደል ችግር በፋይል ልውውጥ የሚመጣው ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ ዛሬም በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተተየቡ ረቂቆች ይመጡልኛል፤ እነዚያ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናሉ። የጀርባውን ማስታወቂያ ከዚህ ዓይነት ፋይል ስወስድ አንድ በአንድ ካነበብሁ በኋላ ደራሲው ፊርማቸውን እንዲያኖሩበት አደርጋለሁ። ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ፋይል ላይ ደግሞ ፊደሉን ሁሉ ወደ ቅርጽ እቀይረዋለሁ፤ አለበለዚያ የእነርሱ ኮምፒውተር የእኔን ፎንት በሌላ ተክቶ ርዕሱን ሊያፈርሰው ይችላል። ስሕተት ቢገኝ ለማረም እንዲያመች ያልተቀየረውን ፋይል ለራሴ አስቀምጣለሁ።

ልኬት ያስፈራል፣ ነገር ግን ቀላል ነው። አብዛኛው መጽሐፍ ኤ5 የሚባለው መጠን፣ ማለትም 148 በ210 ሚሊ ሜትር ነው። በአራቱም ጎን ተቆርጦ የሚጣል 3 ሚሊ ሜትር ተጨማሪ ሥዕል መኖር አለበት፤ አለበለዚያ የመቁረጫው ምላጭ ጥቂት ሲሳሳት በዳሩ ላይ ነጭ መስመር ይታያል። ጽሑፉን ከመቁረጫው መስመር ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ አስገባለሁ። የመጽሐፉን ጎን፣ ማለትም ውፍረቱን የማሰላው የገጹን ብዛት ለሁለት አካፍዬ በአንድ ቅጠል ውፍረት በማባዛት ነው። 80 ግራም የሚባለው ወረቀት አንዱ ቅጠል 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ 272 ገጽ ያለው መጽሐፍ 136 ቅጠል፣ ማለትም 13.6 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። የፊት ሽፋን፣ ጎንና የጀርባ ሽፋን በአንድ ላይ ከነተጨማሪው 315.6 በ216 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ፤ ይህም በ300 ዲፒአይ 3,728 በ2,551 ፒክስል ነው። ወረቀቱ የተለየ ከሆነ ደግሞ በዚያው ወረቀት የታተመ ሌላ መጽሐፍ ፈልጌ 100 ቅጠሉን ጨምቄ በማስመሪያ እለካለሁ። አንድ ደራሲ 224 ገጽ ብለውኝ ከሠራሁ በኋላ 48 ገጽ ጨምረው ሳይነግሩኝ አሳትመዋል፤ የ2.4 ሚሊ ሜትር ልዩነት በጎኑ ላይ የነበረውን ርዕስ አዛንፎ ወደ ማጠፊያው አስጠጋው። ስለዚህ ውስጡ ታርሞ፣ ተቀናብሮ፣ የመጨረሻው የገጽ ቁጥር እስኪታወቅ ድረስ የጎኑን ሥራ አልዘጋም።

የባር ኮዱ ቦታም ቀድሞ መታሰብ አለበት። 978 ብሎ የሚጀምረው ባለ 13 አሐዝ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር የያዘው ባር ኮድ በነጭ መደብ ላይ በጥቁር መታተም ይኖርበታል፤ ከሥዕሉ ጋር ይስማማ ተብሎ በቀይ የታተመ ባር ኮድ የማንበቢያው መሣሪያ ብርሃን ቀይ ስለሆነ አይነበብም። ሽፋኑ በሙሉ ጥቁር ወይም ጥልቅ ቀለም ከሆነ ደግሞ ላሚኔሽን (በሽፋኑ ላይ የሚለጠፍ ስስ ፕላስቲክ) እንዲደረግለትና ማጠፊያው መስመር አስቀድሞ እንዲጫን ደራሲውን እመክራለሁ፤ አለበለዚያ መጽሐፉ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲገለጥ ቀለሙ በጎኑ ላይ ይሰነጠቃል።

ስለ ገንዘብና ስለ ውል መጻፍ ደስ አይለኝም፤ ነገር ግን ብዙ ጎበዝ ልጆች ሥራውን የተዉት በዚህ ምክንያት ነው። በአገራችን ብዙ ደራሲያን መጽሐፋቸውን የሚያሳትሙት በራሳቸው ገንዘብ ነው፤ ከደመወዝ ቆጥበው፣ ከዘመድ ተበድረው ይመጣሉ። እኔም እንደ ወንድምና እንደ እህት ስለማያቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያለ ውል እሠራ ነበር። ከዚያ አንድ አሳታሚ ለአንድ ልቦለድ የሠራሁትን ሥዕል ሳይጠይቀኝ በሌላ ደራሲ መጽሐፍ ላይ ቆርጦ ተጠቀመበት። ስጠይቀው «ከፍለንሻል» አለኝ። የሕግ ሰው አማከርሁ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ባለቤት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ያዘዘው ሰው እንደሆነ ይደነግጋል አሉኝ። ስሜ እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብት ቢኖረኝም በወረቀት ላይ ያስቀረሁት ሌላ ነገር አልነበረኝም። አሁን ውሌ አንድ ገጽ ናት፤ ሥዕሉ ለዚህ መጽሐፍ ሽፋንና ለማስታወቂያው ብቻ እንደሚውል፣ የእጅ ሥዕሉ ወረቀት የእኔ ሆኖ እንደሚቀር፣ ስሜ በመብት ገጹ ላይ እንደሚታተም፣ ሁለት ጊዜ ያለ ክፍያ እንደማስተካክል፣ ግማሹ በቀብድ፣ ቀሪው ደግሞ የመጨረሻው ፋይል ከመሰጠቱ በፊት እንደሚከፈል ትናገራለች። ዋጋውን የማወጣው በቀን ነው፤ ንባቡ፣ ንድፉ፣ ሥዕሉ፣ ፊደሉና ፋይሉ አንድ ላይ 12 ቀን ያህል ስለሚወስዱ፣ ለቤቴ በቀን የሚያስፈልገኝን በ12 አባዝቼ የቀለሙንና የወረቀቱን እጨምርበታለሁ። ደራሲው መክፈል የማይችሉ ከሆነ ዋጋ ቀንሼ ያንኑ ሥራ ከመሥራት ይልቅ ሥዕል የሌለው፣ በፊደል ብቻ የተዋበ ሽፋን አቀርብላቸዋለሁ፤ በስድስት ቀን ያልቃል፤ አንዳንዱም ከሥዕሉ የበለጠ ያምራል።

ከጎጃም ሆኖ ለአዲስ አበባ ማተሚያ ቤት መሥራት የራሱ ፈተና አለው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ የተጠናቀቁ ሦስት ሽፋኖች በእጄ ላይ ቀሩ። መንገድ ሲከፈት በፍላሽ አድርጌ 300 ኪሎ ሜትር በሚጓዝ ሰው እጅ ላክኋቸው። ያን ጊዜ የለመድሁትን ዛሬም አልተውሁም፤ የመጨረሻውን ፋይል ሁልጊዜ በሁለት ፍላሽ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ከእርሱም ጋር ልኬቱን፣ የወረቀቱን ዓይነትና የላሚኔሽኑን ምርጫ የጻፍሁበት ወረቀትና በወረቀት ላይ የታተመ ናሙና አብሮ ይሄዳል። በቴሌግራም ሲላክም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል መላክ አለበት፤ እንደ ፎቶ የተላከ ሥዕል በመንገድ ላይ ይጨመቅና ለኅትመት የማይበቃ ሆኖ ይደርሳል። ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስ የሚፈለግ መጽሐፍ ሥራው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ መብራት ይጠፋል፤ የውሃ ቀለሙም በደብረ ማርቆስ ብርድና እርጥበት ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥራ ከግንቦት በኋላ ከመጣ አልቀበለውም።

ባለፉት ሁለት ዓመታት አንዳንድ ደራሲያን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠረ ሥዕል ይዘው ይመጣሉ። አልቆጣቸውም፤ በልባቸው ያለውን ለማስረዳት ስለሚረዳቸው ተቀምጬ አየዋለሁ። ነገር ግን ሽፋን አድርጌ አልሠራበትም። በሥዕሉ ውስጥ ያለው የብራና መጽሐፍ ፊደል የሚመስል፣ ግን በየትኛውም የፊደል ገበታ ላይ የሌለ ጭረት ይሞላዋል፤ ካህኑ የያዙት መቋሚያ ቅርጹን ይስታል፤ ቤተ ክርስቲያኑም የየትኛው አገር እንደሆነ አይታወቅም። ያን የጤፍ ማሳ ያረሙኝ አዛውንት ቢያዩት ምን እንደሚሉ አስባለሁ።

በመጨረሻ፣ ገንዘብ ሳያስወጣ ብዙ የጠቀመኝን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሽፋን የሚታተመው ከራሱ በሚሰፋ ወረቀት ላይ ስለሆነ በዳር ተቆርጦ የሚጣል ባዶ ቦታ ይተርፋል። ማተሚያ ቤቱን አስፈቅጄ፣ በዚያ ትርፍ ቦታ ላይ የምጠቀምባቸውን ቀለሞች በትንንሽ አራት ማዕዘን ከነቁጥራቸው አስቀምጣለሁ፤ ቆራጩም ሳይጥል ያስቀምጥልኛል። ቁራጮቹን በደብተር ላይ እየለጠፍሁ የማተሚያ ቤቱን፣ የወረቀቱንና የላሚኔሽኑን ዓይነት ከጎናቸው እጽፋለሁ። ማት (የማያብረቀርቅ) ላሚኔሽን የትኛውን ቀይ እንደሚያፈዝ፣ በየትኛው ወረቀት ላይ ቡናማው ወደ አረንጓዴ እንደሚያዘነብል ያወቅሁት ከዚያ ደብተር ነው። የጣናንም ሰማያዊ ያገኘሁት እዚያው ነው፤ ሳያኑ በመቶኛ 100 ሲሆን ማጀንታውን ከ60 አላሳልፍም፤ ጎሕ የቀደደበትን ውሃ ደግሞ ሳያን 55 እና ማጀንታ 12 አድርጌ እጀምረዋለሁ። የባሕር ዳሩ መምህር ሁለተኛውን መድበላቸውን ይዘው ሲመጡ ደብተሩን ከፍቼ ቁራጮቹን አሳየኋቸው፤ እርሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ካዩ በኋላ ጣታቸውን በጎሑ ውሃ ቀለም ላይ አሳረፉ።